አስፈሪ ምስል በማዘጋጀት የምስልን ቋንቋ ማስተማር

መግቢያ

ተማሪዎች በትምህርት ቤት ማንበብንና መጻፍን ለብዙ ዓመታት ይማራሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ከምን እንደሚሠራ፣ ባለቤቱና ማሠሪያ አንቀጹ የትኛው እንደሆነ ለይተው እንዲያውቁ ይደረጋል። ይሁን እንጂ እነዚሁ ተማሪዎች ከክፍል ውጭ ከጽሑፍ ይልቅ ምስል ሲመለከቱ ይውላሉ፤ ምስሉ በምን ዘዴ ስሜታቸውን እንደሚነካ ግን እምብዛም አይማሩም። ይህን ጉድለት ለማሟላት ከሚረዱት ተግባሮች አንዱ ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንዲት የምታስፈራ ፎቶግራፍ እንዲያዘጋጁ ማድረግ ነው። በእንግሊዝ አገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሚሰጠው የመገናኛ ብዙኃን ትምህርት ተማሪዎች እንዲህ ያለ ተግባራዊ ሥራ መሥራታቸው የተለመደ ነው።

ከስሜቶች ሁሉ ፍርሃት የሚመረጥበት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ውጤቱ ወዲያውኑ ይታያል፤ ተመልካቹ ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ይስቃል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው ጥቂትና ርካሽ ነው፤ አንድ ካሜራ ወይም ካሜራ ያለው ስልክ፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣ ጥቁር ጨርቅና ነጭ ካርቶን ይበቃሉ። ሦስተኛ፣ ተግባሩ ከፊዚክስ፣ ከሥነ ሥዕልና ከቋንቋ ትምህርቶች ጋር ይያያዛል።

ሀ. ፍርሃት በምስል ውስጥ የሚፈጠርባቸው መንገዶች

1. ብርሃን፦ የሰው ዓይን የለመደው ከላይ የሚመጣ ብርሃንን ነው፤ ፀሐይም አምፑልም ከራስ በላይ ናቸውና። የእጅ ባትሪ ከአገጭ በታች ሲበራ ግን የአፍንጫ ጥላ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቅንድብ ጥላም በግንባር ላይ ይወድቃል። የሚታወቀው ፊት እንግዳ ይሆናል። ሰውየው ሳይለወጥ ብርሃኑ ብቻ መለወጡን ተማሪዎች በዓይናቸው ሲያዩ የትምህርቱን ግማሽ ጨበጡ ማለት ነው።

2. ጥላ፦ እ.ኤ.አ. በ1920 በጀርመን አገር በተሠራው «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» በተሰኘው ድምፅ አልባ ፊልም ጥላዎቹ በግድግዳና በወለል ላይ በቀለም ተሥለው ነበር። በ1922 በወጣው «ኖስፌራቱ» ደግሞ ደረጃ ሲወጣ የሚታየው የጭራቁ ሰውነት ሳይሆን ረጃጅም ጣቶች ያሉት ጥላው ነው። ጥላን የማሳደጉ ስሌት ቀላል ነው። እጅ ከአምፑሉ ግማሽ ሜትር፣ ግድግዳው ደግሞ ከአምፑሉ 2 ሜትር ቢርቅ፣ ጥላው የእጁን 4 እጥፍ ይሆናል። የብርሃኑ ምንጭ ባነሰ መጠን የጥላው ጠርዝ ይጠራል።

3. መደበቅ፦ ሁሉንም ነገር የሚያሳይ ምስል ለተመልካቹ አሳብ የሚተወው ሥራ የለም። ገርበብ ያለ በር፣ ከመጋረጃ ሥር የሚታይ እግር፣ ወይም አንዲት ተማሪ ከፎቶግራፉ ውጭ ያለን ነገር በድንጋጤ ስትመለከት፣ ያልታየውን ነገር ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ በቀይ ቀለምና በጭምብል ይጀምራሉ፤ እንዲህ ያሉት ሥራዎች ግን ከማስፈራት ይልቅ ሲያስቁ ይታያል። ከምስሉ አንድ ነገር እንዲቀንሱ ማዘዝ አዲስ ነገር ከመጨመር የተሻለ ምክር ነው።

4. የዕይታ አቅጣጫ፦ ካሜራው ዝቅ ብሎ ወደ ላይ ሲመለከት ሰውየው ይገዝፋል፤ ከፍ ብሎ ወደ ታች ሲመለከት ያንሳል፣ አቅመ ቢስም ይመስላል። ካሜራው ወደ ጎን ጋደል ሲል ደግሞ የሚታየው ክፍል ሚዛኑን ያጣ ይመስላል።

5. ጊዜ፦ የካሜራው መዝጊያ ለ10 ሴኮንድ ክፍት ሆኖ ቢቆይና ተማሪው በፊቱ 5 ሴኮንድ ቆሞ በፍጥነት ቢሸሽ፣ ካሜራው 5 ሴኮንድ ተማሪውን፣ 5 ሴኮንድ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ይመዘግባል። ሁለቱ ሲደራረቡ ግድግዳው በሰውነቱ ውስጥ አልፎ የሚታይ «መንፈስ» ይገኛል። ለዚህም ክፍሉ ደብዛዛ፣ ካሜራው በጠረጴዛ ላይ የማይነቃነቅ መሆን አለበት። የመዝጊያውን ጊዜ ለማስተካከል የማይፈቅድ ስልክ ብቻ ያለው ትምህርት ቤት በጥላ ዘዴ ሊሠራ ይችላል።

ለ. የሥራው አካሄድ

ተግባሩ በ4 ክፍለ ጊዜ ሊጠናቀቅ ይችላል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህሩ ከላይ የተዘረዘሩትን መንገዶች በእጅ ባትሪ እያሳየ ያስረዳል። በሁለተኛው እያንዳንዱ ቡድን ሊያነሣ ያሰበውን ምስል በእርሳስ ይነድፋል፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ በቀስት ያመለክታል፤ ተመልካቹ ምን እንዲሰማው እንደሚፈልግም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። በሦስተኛው ፎቶግራፉ ይነሣል፤ ከ5 እስከ 7 የሚሆኑ ተማሪዎች ሥራውን ይከፋፈላሉ። በአራተኛው ምስሎቹ ያለ ማብራሪያ ለሌሎች ቡድኖች ይቀርባሉ፤ ተመልካቾቹ የተሰማቸውን ከጻፉ በኋላ ጽሑፋቸው ከአዘጋጆቹ ዓረፍተ ነገር ጋር ይነጻጸራል። በታሰበውና በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት ለውይይት ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚው ክፍል ነው።

ሐ. የተሠራ ምስልና እውነት

ይህ ተግባር ከዕደ ጥበብ ያለፈ ጥቅም አለው። ፎቶግራፍ ከተፈለሰፈ ብዙም ሳይቆይ ማታለያ መሆን ጀምሯል። በ1860ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ዊልያም ማምለር የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ የሞቱ ዘመዶች መንፈስ ከበስተኋላ የሚታይባቸውን ፎቶግራፎች ለሐዘንተኞች ይሸጥ ነበር። በ1869 በኒውዮርክ በማታለል ተከሶ ቀርቦ፣ በቂ ማስረጃ ባለመገኘቱ ተለቀቀ። በ1917 በእንግሊዝ አገር በኮቲንግሌይ መንደር ሁለት ልጃገረዶች ክንፍ ካላቸው ትንንሽ ፍጡራን ጋር የተነሡትን ፎቶግራፍ ታዋቂው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሳይቀር እውነት ነው ብሎ ተቀብሎት ነበር። ፍጡራኑ ከወረቀት የተቆረጡ ሥዕሎች እንደነበሩ የታመነው በ1983፣ ማለትም ከ66 ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ ምስል በኮምፒዩተር በጥቂት ሴኮንዶች ይፈበረካል፣ በስልክም በአንድ ቀን ከአገር አገር ይዳረሳል። ስለ ሐሰተኛ ምስል የሚሰጥ ምክር ብቻውን በተማሪው አእምሮ አይሰርጽም። በገዛ እጁ «መንፈስ» የሠራ ተማሪ ግን፣ ሌላ ምስል ሲያጋጥመው ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ከፎቶግራፉ ዳር ውጭ ምን እንደቀረ፣ ማንስ ምን ፈልጎ እንደሠራው ለመጠየቅ ይዘጋጃል።

መ. ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ከሁሉ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት የሰው ክብር ነው። አስፈሪ የሚባለው ፍጡር በየአገሩ ብዙ ጊዜ የተሠራው ኅብረተሰቡ ባገለለው ሰው አምሳል ነው። በኢትዮጵያ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች «ቡዳ ናቸው» እየተባሉ፣ ሌሊት ወደ ጅብ ይለወጣሉ እየተባለላቸው ለረጅም ዘመን ተንቀው ኖረዋል። ስለዚህ አንድ ቡድን በምሽት የሚታይ ጅብና የቀጥቃጭ መዶሻ በአንድ ምስል ላይ ቢያቀርብ፣ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ የባለሙያ ልጅ በትምህርት ቤቱ ፊት ተሰደበ ማለት ነው። የአካል ጉዳትን፣ የቆዳ በሽታን፣ የአእምሮ ሕመምን ወይም እርጅናን የማስፈሪያ ምልክት ማድረግም እንዲሁ አይገባም። መምህሩ ንድፉን በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የሚመረምረው ለዚህ ነው። ምስሉ ከመነሣቱ በፊት «በዚህ ምስል የሚያፍር ሰው በክፍላችን ወይም በሰፈራችን አለን?» የሚለው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ቡድን መቅረብ ይኖርበታል።

በተጨማሪም የሚከተሉት ይጠበቃሉ፦

1. ጦርነት፣ ስደት ወይም የቅርብ ሰው ሞት ያጋጠማቸው ተማሪዎች በሥራው እንዲሳተፉ አይገደዱም። ምክንያቱን በክፍል ፊት መናገር ሳያስፈልጋቸው ሌላ ስሜት፣ ለምሳሌ ናፍቆትን ወይም ብቸኝነትን የሚያሳይ ምስል በተመሳሳይ ዘዴ እንዲሠሩ ይፈቀድላቸዋል።

2. ሻማና ክፍት እሳት አይፈቀዱም። ፎቶግራፍ በጨለማ ክፍል ሲነሣ መምህሩ በቦታው ይገኛል።

3. የመቃብርና የአምልኮ ቦታዎች ለሥራው አይመረጡም፤ ያልፈቀደ ሰውም አይነሣም።

4. በእያንዳንዱ ምስል ግርጌ «ለትምህርት የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ይሰፍራል። ምስሉም ከትምህርት ቤቱ ውጭ በስልክ እንዳይላክ አስቀድሞ ስምምነት ይደረጋል። የክፍል ሥራ የነበረ ምስል ጽሑፉ ተቆርጦ በሰፈር እንደ እውነተኛ ወሬ ቢዛመት፣ ትምህርቱ ሊከላከለው የተነሣውን ጉዳት ራሱ አደረሰ ማለት ነው።

ሠ. ምዘና

ውጤት የሚሰጠው በምስሉ አስፈሪነት መጠን ብቻ ከሆነ፣ የተሻለ ስልክ ያለው ቡድን ይጠቀማል፤ የደም ቀለም የሚያበዛም እንዲሁ። ስለሆነም ከ100 ነጥብ ለንድፉ 30፣ ለብርሃንና ለአቀማመጥ አጠቃቀም 30፣ ስለ ሥራው ለሚጻፈው የአንድ ገጽ ማብራሪያ 40 ነጥብ መስጠት ይቻላል። በማብራሪያው ውስጥ ተማሪው የተጠቀመበትን ዘዴ፣ ዘዴውን የመረጠበትን ምክንያትና ያልተሳካለትን ነገር ይገልጻል። ያልተሳካለትን በትክክል ያስረዳ ተማሪ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም።

ማጠቃለያ

ይህ ተግባር አዲስ የትምህርት ዓይነት ወይም ልዩ በጀት አይጠይቅም፤ በቋንቋና በሥነ ሥዕል ክፍለ ጊዜያት ውስጥ ሊካተት ይችላል። ከሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የሚጠበቀው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ቦታ መስጠትና ጥንቃቄዎቹን በግልጽ ማስፈር ነው። ከመምህሩ የሚጠበቀው ደግሞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መብራቱን አጥፍቶ፣ ባትሪውን ከአገጩ በታች አብርቶ፣ ተማሪዎቹ ከሳቁ ወይም ከደነገጡ በኋላ «ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ነው።