በመብራት መቆጣጠሪያ ላይ የንድፍ አውጪውን የሩቅ ጣቢያ ስለ መጨመር

የቴአትርን መብራት ሁለት ሰዎች ይካፈሉታል። አንደኛው ንድፍ አውጪው ሲሆን እርሱም በየትኛው ትዕይንት የትኛው መብራት በምን ያህል ብርታት እንዲበራ ይወስናል። ሁለተኛው ኮንሶል ከሚባለው መቆጣጠሪያ ፊት ተቀምጦ ውሳኔውን የሚፈጽመው ሠራተኛ ነው። መቆጣጠሪያው በአብዛኛው የሚገኘው ከአዳራሹ በስተኋላ በመስተዋት በተከለለ ክፍል ውስጥ ነው። ንድፍ አውጪው ግን በልምምድ ጊዜ ተመልካቹ በሚቀመጥበት በአዳራሹ መካከል ሊሆን ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠብበው የሩቅ ጣቢያ እንዴት እንደሚሠራና እንደ ሐረር ባለ ከተማም በትንሽ ገንዘብ እንዴት ሊተከል እንደሚቻል ነው።

ርቀቱ የሚያመጣውን ጉዳት የሐረር ሰው ሌላ ምሳሌ ሳይፈልግ ሊረዳው ይችላል። ከጀጎል ግንብ ውጭ ማታ ማታ ለጅቦች ሥጋ ሲሰጥ ትርኢቱን የሚያበራው ብዙ ጊዜ እንግዶችን ያመጣው የመኪና ወይም የባጃጅ መብራት ነው። ነጂው ከመብራቱ በስተኋላ ስለ ተቀመጠ ሁሉ ነገር ደምቆ ይታየዋል። በጎን የቆመው እንግዳ የሚያየው ግን የሰውየውን ግማሽ ፊትና ረዥም ጥላ ነው። ሥጋ የሚያጎርሰውንም ሰው ብርሃኑ ዓይኑን ይወጋዋል። መብራቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሦስቱ የሚያዩት ሦስት ዓይነት ነው። በቴአትር ቤትም እንዲሁ ነው። ከኋላ ከፍ ካለ ክፍል የሚመለከት ሠራተኛ የመድረኩን ወለል አጥርቶ ያያል እንጂ የተዋናዩ ዓይን ከቅንድቡ በታች በጥላ መዋጡን አያይም። በተለይም ለሌሊት ትዕይንት ሰማያዊ መብራት በጠይም ፊት ላይ ሲያርፍ፣ ከሩቅ በቂ የሚመስለው ብርሃን በሦስተኛው ረድፍ ለተቀመጠ ሰው ፊቱን ደብዝዞ ሊያሳየው ይችላል።

ችግሩ የቆየ ነው። መብራት በትልልቅ የእጅ ማንሻዎች በሚጨመርበትና በሚቀነስበት ዘመን ማንሻዎቹ ብዙውን ጊዜ ከመድረኩ ጎን ስለ ነበሩ ሠራተኛው ትርኢቱን ፊት ለፊት አያይም ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ጆርጅ አይዘኖር በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ሠራ። ከባዱን የኤሌክትሪክ ኀይል የሚሸከመው ክፍል ከትእዛዙ ክፍል ስለ ተለየ ሠራተኛው መድረኩን ወደሚያይበት ስፍራ ሊዛወር ቻለ። በ1975 ደግሞ «ኤ ኮረስ ላይን» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት በብሮድዌይ ሲታይ ንድፍ አውጪዋ ታሮን መስር ኮምፒዩተር ባለው መቆጣጠሪያ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ኪው የሚባለው፣ ማለትም ቁጥር የተሰጠው አንድ የመብራት ሁኔታ፣ በማሽን ውስጥ የሚቀመጥ መረጃ ሆነ። መረጃ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ስፍራ በላይ ሊታይ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። በ1986 የወጣው ዲ ኤም ኤክስ 512 የተባለው ስምምነት በአንድ መስመር እስከ 512 ቻናል ያስተላልፋል፤ የእያንዳንዱም ብርታት ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይገለጻል። ነገር ግን ይህ መስመር የሚናገረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። «ቻናል 7፣ 180» ይላል እንጂ ይህ የኪው 12 ክፍል መሆኑን፣ በ5 ሴኮንድም እንደሚገባ አይነግረንም። ስለዚህ ከዚህ ሽቦ ቅርንጫፍ አውጥቶ ንድፍ አውጪው ዘንድ ማድረስ ጣቢያ አያሰኘውም። ሁለተኛ መቆጣጠሪያ ለብቻው አምጥቶ መቀጠልም እንዲሁ ነው። ኤስ ኤ ሲ ኤን በተባለው የኔትወርክ ስምምነት እያንዳንዱ ላኪ ከ0 እስከ 200 የሚደርስ የቅድሚያ ቁጥር ይይዛል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ይሰማል፤ እኩል ሲሆኑ ግን ብዙውን ጊዜ የሚበልጠው ብርታት ያሸንፋል። እንግዲህ ንድፍ አውጪው «ይጥፋ» ሲል የሠራተኛው መቆጣጠሪያ እንደ በራ ያቆየዋል ማለት ነው።

እውነተኛው የሩቅ ጣቢያ የዋናውን መቆጣጠሪያ መረጃ የሚካፈል ነው። ለምሳሌ ኢ ቲ ሲ የተባለው ኩባንያ በሚሠራቸው የኢኦስ መቆጣጠሪያዎች አንዱ ዋና፣ ሌላው ምትክ፣ ሌላው ደግሞ ክላየንት ይሆናል። ክላየንቱ ከዋናው ይጠይቃል፣ ያሳያል፣ ትእዛዝም ያስተላልፋል፤ ዋናው ቢሞት ግን በራሱ መድረኩን ሊያበራ ስለማይችል እንደ ምትክ ሊቈጠር አይገባውም። ሁለቱ ሰዎች አንድ የተጠቃሚ ቁጥር ከያዙ የትእዛዝ መስመራቸው አንድ ነው፤ አንዱ ጀምሮ ሳይጨርስ ሌላው ቢጽፍ ትእዛዙ ይደባለቃል። የተለያየ ቁጥር ከያዙ እያንዳንዱ የራሱን ይጽፋል።

በእኔ አስተያየት ለንድፍ አውጪው አስቀድሞ የሚያስፈልገው ዓይን ነው፣ ቀጥሎ አንደበት፣ በመጨረሻም እጅ። ዓይን ማለት የዋናውን መስኮት ገልብጦ የሚያሳይ መስተዋት ነው፤ አንደበት ማለት ከሠራተኛው ጋር በዝግታ የሚነጋገርበት ማዳመጫ ነው። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተውኔት ስናዘጋጅ የመብራት ትእዛዝ የሚተላለፈው በጩኸት ስለ ነበረ፣ ተዋናዮቹ የተጠሩ እየመሰላቸው በንግግራቸው መካከል ይቆሙ ነበር። እጅን ከሁሉ በኋላ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ንድፍ አውጪው ራሱ መጻፍ ሲጀምር ዓይኑ ከመድረኩ ተነሥቶ በቁልፎቹ ላይ ይተከላል፤ ወደ አዳራሹ የመጣበትንም ምክንያት ያጣል።

በሐረር እንደ አሚር አብዱላሂ አዳራሽ ያሉ ቤቶች ለልዩ ልዩ ስብሰባና ዝግጅት ስለሚያገለግሉ ጣቢያው በቀላሉ የሚተከልና የሚነሣ ሊሆን ይገባል። ውድ መቆጣጠሪያ ለሌለው ቡድን ኪው ኤል ሲ ፕላስ የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም በተራ ኮምፒዩተርና በአንድ የዲ ኤም ኤክስ ማገናኛ ይሠራል። የድር አገልግሎቱ ሲከፈት የመቆጣጠሪያው ገጽ በሌላ ኮምፒዩተር ወይም በስልክ ላይ ይታያል፤ በዚያው ኔትወርክ ያለ ማንም ሰው እንዳይነካውም የይለፍ ቃል ይደረግበታል። ሽቦ አልባው ግንኙነት ለሙከራ ያህል መልካም ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባለበትና ስልክ የያዘ ሕዝብ በሞላበት አዳራሽ ግን አልታመንበትም። የመዳብ ኔትወርክ ሽቦ እስከ 100 ሜትር ስለሚደርስ ለአብዛኞቹ አዳራሾች ይበቃል። ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ኔትወርክ ውስጥ የተለያየ አድራሻ ሊኖራቸው ይገባል። በጠረጴዛው ላይ ያለው መስኮትም ብርሃኑ እጅግ ይቀነስ፤ አለዚያ የንድፍ አውጪው ዓይን ጨለማውን መለየት ያቅተዋል።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውም አስቀድሞ ይታሰብበት። የጠረጴዛው ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ይሠራል፤ ነገር ግን በመካከል ያለው ስዊች ከጠፋ ከዋናው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ባትሪ ያለው የኀይል መጠባበቂያ ሲገዛ ከዋናው መቆጣጠሪያ ጋር ስዊቹም ይያያዝበት። ሽቦውም በወንበሮች መካከል እግር እንዳይጠልፍ በግድግዳው ሥር ይለፍ፤ ለተመልካች በሚከፈትበት ማታ ጠረጴዛው ሲነሣ የሽቦው ጫፍ ከነክዳኑ በግድግዳው ላይ ለሚቀጥለው ልምምድ ይቀራል።