በባዕድ ባሕር ዳር ብረት መፈለግ፤ ተረቱና እውነታው

ዕረፍቱን በባዕድ አገር ባሕር ዳር ሊያሳልፍ የተነሣ መንገደኛ፣ ዲቴክተር የሚባለውን የብረት መፈለጊያ ከልብሱ ጋራ በሻንጣው ሲከት፣ ብዙ ጊዜ በልቡ የሚያኖረው አንድ እምነት አለ፤ እርሱም የባሕር ዳር አሸዋ ባለቤት የለውም፣ ማዕበል የተፋውም ሁሉ ላገኘው የተፈቀደ ነው የሚል ነው። ይህ እምነት የዋሁን ሰው በማያውቀው አገር ዳኛ ፊት ሊያቆመው ስለሚችል፣ እውነቱን ማስረዳት ግዴታ መስሎ ታየኝ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባሕር ዳር ባለቤት አለው። በእንግሊዝ አገር የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ከሚፈራረቅበት ዳርቻ ግማሽ ያህሉን የሚያስተዳድረው የዘውዱ ርስት ነው፤ በዚያም ላይ ዲቴክተር ይዞ መፈለግን ያለ ልዩ የፈቃድ ወረቀት ይፈቅዳል። ከዚህም የተነሣ «እንግሊዝ ከፈቀደች ሌላው ለምን ይከለክላል?» የሚል ሁለተኛ ተረት ተወለደ። ነገር ግን በእንግሊዝም ቢሆን በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት 300 ዓመት የሞላውን የወርቅ ወይም የብር ጌጥ ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለተባለው ሹም፣ ከመርከብ ስብራት የተረፈ ዕቃ ያነሣ ደግሞ በ28 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማስታወቅ አለበት። ወደ ፈረንሳይ የተሻገረ እንደ ሆነ፣ የታሪክ ቅርስ ለመፈለግ መሣሪያውን ማንሣት ያለ አገረ ገዥው ፈቃድ ከ1989 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ግሪክም አስቀድሞ ከባህል ሚኒስቴር ፈቃድ መቀበልን ትጠይቃለች።

«እኔ የምፈልገው ትናንት ከዋናተኛ ጣት የወደቀ ቀለበት እንጂ ቅርስ አይደለም» የሚለው መልስ ከሁሉ ይልቅ የሚያታልል ነው። መሣሪያው በሽቦ ጥቅሉ መግነጢሳዊ ኃይል ወደ አሸዋው ይልካል፣ ብረት ሲያገኝም ይጮኻል እንጂ፣ የትናንቱን ቀለበት ከሺህ ዓመቱ መስቀል ለይቶ አይናገርም፤ ቆፋሪውም ምን እንዳገኘ የሚያውቀው ከቆፈረ በኋላ ነው። እንዲያውም በአሜሪካ በብሔራዊ ፓርኮች አስተዳደር ሥር ባሉ ዳርቻዎች፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በቅርብ የሚያገኙትን አሳቲግን ጨምሮ፣ ለሥራ የተዘጋጀ ዲቴክተር በእጅ ይዞ መገኘት እንኳ ያስቀጣል።

አየርላንድም ሕጓን ለምን እንዳጠበቀች ማወቅ የሚሻ፣ ነገሩ ከባሕር ዳር ርቆ በቲፐሬሪ ምድር የተፈጸመ ቢሆንም፣ የዴሪናፍላንን ታሪክ ይስማ። በ1980 አንድ አባትና ልጁ ጥንታዊ ገዳም በነበረበት በዚያ ሥፍራ፣ ቦታውን ለመጎብኘት እንጂ ለመቆፈር ሳይፈቀድላቸው፣ በዲቴክተር እየተመሩ ከነሐስ ሳሕን በታች ተሸሽጎ የኖረ የብር ጽዋዕ፣ ጻሕልና የወይን ማጥለያ አወጡ። ንዋየ ቅድሳቱ የ8ኛውና የ9ኛው መቶ ዓመት ሥራ ሲሆን፣ የተቀበረውም በወራሪዎች ዘመን እንደ ሆነ ይገመታል። በግራኝ ዘመን ታቦታቸውንና ጽዋዓቸውን ወደ ደሴትና ወደ ዋሻ ያሸሹ የእኛ ካህናት ያን ንዋየ ቅድሳት የቀበረውን መነኩሴ ልብ ባልሳቱትም ነበር። ክርክሩ ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሀብቱን ለመንግሥት ፈረደ፤ ለአግኚዎቹም 50,000 ፓውንድ ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት ቅርስን በመሣሪያ መፈለግ ያለ ፈቃድ እንዳይሆን ታወጀ፤ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ዛሬ በ96 ሰዓት ውስጥ እንዲነገር ሕጉ ያዛል።

መሣሪያው በገበያ መሸጡም ሆነ የሆቴሉ ሠራተኛ «ችግር የለውም» ማለቱ ፈቃድ አይሆንም፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለዳርቻው አስተዳደርና ለቅርስ መሥሪያ ቤቱ ነው።

ሕጉ ይህን ያህል የሚጠነክረው ወርቁን ስለ መሳሳት ብቻ አይደለም፤ ዕቃው የተኛበት ቦታ ራሱ መዝገብ ስለ ሆነ ነው። ቆርኔሌዎስ በተጠመቀባት በቂሣርያ፣ በ2015 ባሕር ጠላቂዎች ከባሕሩ ወለል ላይ የወርቅ ሳንቲም ባዩ ጊዜ ለእስራኤል የቅርስ ባለሥልጣን አስታወቁ፤ ሊቃውንቱም ወርደው 2,000 ያህል አወጡ። አብዛኛው በፋጢማውያን ኸሊፋዎች በአልሐኪምና በአልዛሂር ዘመን የተመታ ነበር። ሳንቲሞቹ በየኪሱ ሳይበተኑ በአንድነት ከተኙበት ስለ ተነሡ፣ ግብር ጭና ወደ ግብፅ ስትጓዝ የሰጠመች መርከብ በዚያ ሳትኖር እንዳልቀረች ሊቃውንቱ ለመገመት ቻሉ።