ግድግዳው በመዋጮ ቆመ፤ የመምህሯ ደመወዝስ?

መስከረም ሲጠባ በኢሉባቦር በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዩ ዙሪያ የብዙ ወላጅ እጅ ባዶ ነው። ቡናው ገና ዛፉ ላይ ነው። እሸቱ ቀልቶ የሚለቀመው፣ ጀንፈሉ ደርቆ ገበያ የሚወጣውና ቤቱ ገንዘብ የሚያየው ከጥቅምት ወዲያ ነው። የአፀደ ሕፃናት ምዝገባ ግን መስከረምን አይሻገርም። በዚህ መሀል ያለ ወላጅ ወይ ከነጋዴ ይበደራል፣ ወይ ያልተለቀመ ቡናውን በርካሽ ያስይዛል፣ ወይም ልጁን «ለከርሞ ይሁንለት» ይላል። ለአምስት ዓመት ሕፃን ከርሞ ሌላ ዕድሜ ነው፤ ያመለጠው ዓመት ተመልሶ አይመጣለትም።

ስለ ሕፃናት ትምህርት ገንዘብ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ስንት ያስፈልጋል?» ብለን ነው። በኢሉባቦር ከተሞች ግን ገንዘቡ መቼ ይመጣል፣ ከማን ኪስ ይወጣል፣ ለየትኛው ወጪስ ይውላል የሚሉት ጥያቄዎች ከመጠኑ እኩል ይመዝናሉ።

ወደ ኋላ እንመልከት። የቄስ ትምህርት ቤቱና መድረሳው ሕፃናትን ፊደል ሲያስቆጥሩ የኖሩት በወላጅና በምዕመን አቅም ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለአፀደ ሕፃናት ዕውቅና ቢሰጥም፣ ሥራው በተግባር ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለበጎ አድራጊዎች ቀረ። በዚህ ምክንያት አፀደ ሕፃናት መክፈል የሚችል የከተማ ወላጅ ነገር ሆኖ ቆየ። መንግሥት ፊቱን ወደዚህ ያዞረው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ኦ ክፍል» ወይም «ዜሮ ክፍል» ተከፈተ። በአገር ደረጃ ከ10 በመቶ በታች የነበረው የቅድመ አንደኛ ተሳትፎ አሥር ዓመት ሳይሞላ ከ40 በመቶ አለፈ።

ዕድገቱ የፈጠነው ወጪው ትንሽ ስለነበረ ነው። ክፍሉ ከነባሩ ትምህርት ቤት ተቀነሰ፤ አስተማሪውም ብዙ ጊዜ ለሕፃናት ያልሠለጠነ፣ ከሌላ ክፍል የተዘዋወረ ሰው ሆነ። በዚያው በ2002 ዓ.ም. በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲትም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቶ ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ክፍል በፊት መሆኑን ያኔ ማየት ይቻል ነበር።

በኦሮሚያ ክልል የኋላው ትልቅ እርምጃ «ቡኡራ ቦሩ» ነው፤ ትርጉሙ የነገ መሠረት ማለት ነው። በመንግሥት አስተባባሪነት፣ በሕዝብ ገንዘብ፣ ጉልበትና እንጨት በሺዎች የሚቆጠሩ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች ተሠርተዋል። ይህን ማድነቅ ይገባል። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ያነሳል። ሕንፃ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ ደመወዝ ግን በየወሩ ይመጣል። ሰው ለግድግዳና ለቆርቆሮ አንድ ጊዜ ተነሳስቶ ያዋጣል። ለመምህሯ የየወሩ ደመወዝ ግን ለዓመታት ሳያቋርጥ የሚያዋጣ ቀበሌ ጥቂት ነው፤ ቡና በወረደበት ዓመት ደግሞ ጭራሽ አይገኝም። በበጀት ቋንቋ፣ የካፒታሉ ችግር በመዋጮ ይቀላል፤ የመደበኛው ግን በመዋጮ አይዘለቅም።

መቱ ይህን ልዩነት በቅርብ ታውቃለች። ካርል ሄይንዝ ቦም እ.ኤ.አ. በ1981 የመሠረቱት ሰዎች ለሰዎች ድርጅት በከተማዋ ትልቅ አሻራ አለው፤ ሆስፒታሉ ስማቸውን ይዟል፣ «አብዲ ቦሪ» የሕፃናት ማሳደጊያም በድርጅቱ የተቋቋመ ነው። የበጎ አድራጊ እጅ ትልቅ ነገር ይሠራል። ነገር ግን የእያንዳንዱን ቀበሌ መምህር ደመወዝ እስከ መጨረሻው ይከፍላል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ ያ የአካባቢው ግምጃ ቤት ሥራ ነው።

ወጪው ምን ያህል ይከብዳል? ለምሳሌ ያህል እናስላ። አንዲት የሠለጠነች መምህር በወር 6,000 ብር ብታገኝና 40 ሕፃናት ብትይዝ፣ የዓመቱ ደመወዝ 72,000 ብር ነው። ለአንድ ሕፃን ሲካፈል በዓመት 1,800፣ በወር 150 ብር ይደርሳል። በሌላ ወገን ሳይዘጋጅ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ክፍል ሲደግም መንግሥት ያንኑ ወንበር፣ ያንኑ መጽሐፍና ያንኑ አስተማሪ ለአንድ ልጅ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አቋርጦ ከቀረ ደግሞ እስከዚያ የወጣው ሁሉ ይባክናል።

ትርፉን የለኩም አሉ። በአሜሪካ ሚሺገን እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረውን የፔሪ ቅድመ ትምህርት ቤት የኖቤል ተሸላሚው ኢኮኖሚስት ጄምስ ሄክማንና ባልደረቦቻቸው ፈትሸው፣ የወጣው ገንዘብ በዓመት ከ7 እስከ 10 በመቶ እንደሚመልስ አግኝተዋል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የጃማይካው ጥናት ነው። እዚያ ቀንጭረው የነበሩ ሕፃናትን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር መጫወትን አስተማሩ። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ድጋፉን ካላገኙት መሰሎቻቸው 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። ለዚህ ፎቅ አላስፈለገም፤ እኛ ደግሞ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። መቀንጨር በበኩሉ ያስከፍለናል፦ በ2011 ዓ.ም. በተካሄደ አገራዊ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ።

የእናቶቹም ሒሳብ አለ። በለቀማ ወቅት እናት ትንሹን አዝላ ቡና ሥር ትውላለች፣ ታላቋን ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርታ ሞግዚት ታደርጋለች፣ ወይም የቀን ሥራውን ትተወዋለች። በጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት የሚዘጋ፣ አንድ ጊዜ ምሳ የሚያበላ የሕፃናት ማቆያ ለእነዚህ ሦስት ሸክሞች በአንድ ጊዜ መፍትሔ ነው። ጥቅሙ ለሕፃኑ፣ ለታላቅ እህቱና ለቤቱ ገቢ ይዳረሳል።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የቅድመ አንደኛ መምህራን ደመወዝ በወረዳና በከተማ አስተዳደር መደበኛ በጀት ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው። ቅድመ አንደኛ በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ የትምህርት መዋቅሩ አካል ሆኗል። በዚያው ዓመት አገሮች በታሽከንት ከትምህርት ወጪያቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለቅድመ አንደኛ እንዲመድቡ የሚጠይቅ ስምምነት ላይ ደርሰዋል። ሁለተኛ፣ የሕዝብ መዋጮው ለምሳ፣ ለመጫወቻና ለጥገና ይዋል፤ የሚሰበሰበውም ቡና በሚሸጥበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሁን። የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለአባላት ከሚያከፋፍሉት ትርፍ በጉባኤያቸው ውሳኔ ጥቂቱን ለሕፃናት ቢመድቡ፣ ገንዘቡ በወቅቱም በምንጩም ከቦታው ጋር ይስማማል። ሦስተኛ፣ መቱ ዩኒቨርሲቲም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ያላት ከተማ ናት፤ ለአካባቢው ሕፃናት የሚሆኑ፣ በአፋን ኦሮሞ አቀላጥፈው የሚያስተምሩ መምህራንን እዚያው ማሠልጠን ከሩቅ ከማስመጣት ይረክሳል።

ዓመታዊው በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ቡናው ገና ሳይቀላ፣ ወላጅም ብድር ሳይፈልግ። የወረዳ ምክር ቤት አባላት ያኔ ሠንጠረዡን ሲገልጡ የመምህሯን ደመወዝ የያዘ መስመር ካገኙ፣ ሕዝቡ በላቡ ያቆመው ግድግዳ ውስጡ ሰው አለው ማለት ነው። ካላገኙት ግን እጃቸውን ከማንሳታቸው በፊት ይጠይቁ።