ነተር፤ ይኸውም በትንቢተ ኤርምያስና በመጽሐፈ ምሳሌ የተጠራው የማጠቢያ ጨው

ነተር የሚባለው ቃል በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን በኹለት ስፍራ ይገኛል። ፊተኛው ትንቢተ ኤርምያስ 2፥22 ነው፤ በዚያ እግዚአብሔር ኢየሩሳሌምን በነተር ብትታጠብ፥ ቦሪት የሚባለውንም ማጠቢያ ብታበዛ የኃጢአቷ እድፍ ከፊቱ እንደማይሰወር ይነግራታል። ኹለተኛው መጽሐፈ ምሳሌ 25፥20 ነው፤ በዚያም ላዘነ ልብ የሚዘፍን ሰው በነተር ላይ ኾምጣጤ በሚያፈስ ሰው ተመስሏል። የኹለቱን ምስጢር ለማግኘት አስቀድሞ ነተር ምን እንደ ኾነ መለየት ይገባል። ስሙ በዘመን ብዛት ወደ ሌላ ነገር ዞሯልና፥ በኋለኛው ፍች ያነበበው ሰው የነቢዩንም የጠቢቡንም ነገር ያጣዋል።

ነተር ከምድር የሚገኝ ነጭ ጨው ነው፤ ዋና አገሩም ግብጽ ነው። ከካይሮ በስተ ሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከባሕር ወለል ዝቅ ያለ ሸለቆ አለ፤ ዐረቦች ዋዲ ነጥሩን ይሉታል፥ የነተር ሸለቆ ማለት ነው። በዚያ ያሉት ትንንሽ ሐይቆች በብርድ ወራት ይመላሉ፤ በሐሩር ወራት ፀሓይ ውሃውን ሲመጠው ነተሩ ረግቶ በዳር ይቀራል። ይህ ሸለቆ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ አይደለም፤ በ4ኛው መቶ ዘመን ታላቁ መቃርስ የመነነበት፥ ሙሴ ጸሊምም የተጋደለበት ገዳመ አስቄጥስ ይህ ነውና። ጎረቤቱ የኒትርያ ገዳምም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጨው ነው።

የጥንት ግብጻውያን በነተር ልብሳቸውንና ገላቸውን ያጥቡ ነበር፤ ካህናቶቻቸውም አፋቸውን ያነጹበት ነበር። ደግሞም የሙታንን ሬሳ አድርቀው ከመፍረስ የሚጠብቁት በእርሱ ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሓፊ ሄሮዶቱስ ሬሳው በነተር ውስጥ 70 ቀን ይቈይ እንደ ነበረ ጽፏል፤ በኋላ ዘመን የመረመሩት ሊቃውንት ግን ማድረቁ 40 ቀን ያህል፥ የቀረው ቀን ለመገነዙ ነው ይላሉ። ኦሪት ዘፍጥረትም በ50፥3 ያዕቆብን ባለመድኃኒቶች 40 ቀን እንዳሰናዱት፥ ግብጻውያንም 70 ቀን እንዳለቀሱለት ይናገራል፤ ነተርን በስም ባይጠራም ቍጥሩ ከግብጻውያን ሥርዐት ጋራ ይስማማል። ብርጭቆ ለመሥራትም አሸዋውን በእሳት የሚያቀልጠው ይኸው ጨው ነበረ።

የኬሚስትሪ ሊቃውንት ነተርን ሲመረምሩ አብዛኛው ሶዲየም ካርቦኔት የሚባለው፥ ከርሱም ጋራ ሶዲየም ባይካርቦኔትና ጥቂት የገበታ ጨው የተደባለቀበት ኾኖ አገኙት። በኢትዮጵያም በስምጥ ሸለቆ ያሉት የአብያታና የሻላ ሐይቆች ውሃ እንዲህ ያለ ጨው አለበት። አሞሌ ግን ሌላ ነው፤ አሞሌ ወጥን ያጣፍጣል እንጂ ቅባትን አያርቅም፥ ኾምጣጤ ቢያፈሱበትም አይፈላም። ነተር በውሃ ሲሟሟ ቅባቱን ከልብስ አላቅቆ ከውሃው ጋራ ያወጣዋል። ኾምጣጤ ሲያፈሱበት ደግሞ ወዲያው ይፈላል፥ አረፋ ይደፍቃል፤ በውስጡ የነበረው አየር ይወጣል። ፍላቱ ሲበርድ ነተሩ የማጠብ ኀይሉን አጥቷል፥ ኾምጣጤውም ኾምጣጣነቱን ትቷል፤ ከኹለቱ አንዱም እንደ ቀድሞው አይገኝም።

ስሙ የዞረው እንዲህ ነው። ዕብራውያን ነተር ያሉትን ግሪኮች ኒትሮን፥ ሮማውያን ኒትሩም አሉት፤ ሄሮኒሞስም መጻሕፍትን ወደ ላቲን ሲመልስ በኹለቱም ስፍራ ኒትሩም ብሎ ጻፈ። በ13ኛው መቶ ዘመን ሌላ ነጭ ጨው በዐረቦች ዘንድ ታወቀ፤ በ1248 የሞተው የመድኃኒት ሊቅ ኢብን አልበይጣር የቻይና በረዶ ብሎ ይጠራዋል፥ ባሩድ የሚባልም ስም ነበረው። ይህ ጨው ከዲንና ከከሰል ጋራ ሲደባለቅ እሳት ሲነካው ይፈነዳል፤ ስለዚህ የጨዉ ስም ለድብልቁ ተሰጠ፥ በአማርኛም ባሩድ የሚባለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የአውሮፓ ሰዎችም መልኩ ስለ ተመሳሰለ ይህን የባሩድ ጨው ኒትሩም ብለው ጠሩት፤ እያደረም የፊተኛው ባለስም ተረስቶ ስሙ ለኋለኛው ቀረ። የእንግሊዝ ተርጓሚዎች በ1611 በኤርምያስም በምሳሌም የጻፉት ስም በኋላ ለሚያነበው ሰው የባሩድ ጨው የሚያሰኝ ኾነ፤ በ1885 ትርጓሜውን ያረሙት ሊቃውንት ስለዚህ በኤርምያስ ላይ ስሙን ለውጠው የዐመድ ውሃ በሚል ቃል ተኩት። የቃሉ መከፈል እስከ ዛሬ በኬሚስትሪ መጻሕፍት ይታያል። በ1790 ሻፕታል የተባለው ፈረንሳዊ አንዱን አየር ናይትሮጅን ሲለው የባሩዱን ጨው ስም ይዞ ነው፤ በ1807 ሀምፍሪ ዴቪ ለይቶ ያወጣው ሶዲየም ደግሞ ናትሪየም ተብሎ በዚሁ ስም መነሻ ፊደላት የሚጻፈው የግብጹን ነተር ስም ይዞ ነው። ባሕርያቸው የተለያየ ኹለት ነገሮች ከአንድ ቃል ስም ወጡ።

እንግዲህ በኤርምያስ የባሩድ ጨው ነው ቢሉ ትንቢቱ ይደክማል። የባሩድ ጨው ሊያጥቡበት የሚኾን አይደለምና፥ በማያጥብ ነገር ታጥቦ እድፉ አልጠፋም ማለት ምን ይደንቃል? ነቢዩ ግን በዘመኑ ከታወቀው ኹሉ ብርቱ የኾነውን ማጠቢያ ጠራ። ነተር አለ፤ ከምድር የሚገኘውን ሲል ነው። ቦሪት አለ፤ ከዕፅ የሚገኘውን፥ ተቃጥሎ ዐመዱ በውሃ የሚጠለለውን ሲል ነው፤ ለኢትዮጵያ ሰው እንዶድ ቢባል አሳቡ ይቀርበዋል፥ እርሱም ከዕፅ ነውና። የምድሩም የዕፁም ማጠቢያ ተባብረው ያላነጹትን እድፍ የሰው እጅ አያነጻውም ማለት ነው። አንድም፤ ልብስ የሚነጻው ከውጭ ነው፥ ኃጢአት ግን ከውስጥ ነው፤ የውጩ ማጠቢያ ወደ ውስጥ አይደርስም። ቦሪት የሚለው ቃል ዳግመኛ በሚልክያስ 3፥2 ይገኛል፤ በዚያ ግን የሚመጣው ጌታ ራሱ በአጣቢዎች ቦሪት ተመስሏል። ሰው ታጥቦ ያላገኘውን ንጽሕና እግዚአብሔር አጥቦ እንዲሰጥ ኹለቱ ነቢያት ተደጋግፈው ያሳያሉ።

በምሳሌም የባሩድ ጨው ነው ቢሉ ጕዳቱ ይብሳል። በባሩድ ጨው ላይ ኾምጣጤ ቢያፈሱ አይፈላም፥ አይለወጥም፤ እንዲህ ከኾነ ላዘነ ሰው መዝፈን ባይጠቅምም አይጐዳም ያሰኛል። የጠቢቡ ነገር ግን ተቃራኒው ነው። ኾምጣጤው ነተሩን እንዲያፈላው ዘፈኑ የተኛውን ኀዘን ያስነሣዋል። አንድም፤ ፍላቱ ሲያልፍ ነተሩም ኾምጣጤውም ኀይላቸውን እንዲያጡ፥ ዘፋኙ ደስታውን ያባክናል፥ ኀዘንተኛውም መጽናናቱን ያጣል፤ ኹለቱም ባዶ ይቀራሉ። ሰብዓ ሊቃናት ይህን ስፍራ በሌላ መንገድ ተርጕመው፥ ኾምጣጤ ለቍስል እንዳይስማማ ብለዋል፤ ነተር ቢልም ቍስል ቢልም መንገዱ ይለያያል እንጂ ጕዳትን ማሳየቱ አንድ ነው።

ስለዚህ ወደ ልቅሶ ቤት የሚገባ ካህን ወይም መኰንን የሚናገረውን ከሰውየው ልብ ጋራ ያመዛዝን። መልካም ቃል ኹሉ ለጊዜው ኹሉ አይኾንም፤ ነተርም ኾምጣጤም በየራሳቸው የሚጠቅሙ ሲኾኑ ያለ ቦታቸው ሲገናኙ ይጠፋፋሉና። ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡት ወዳጆቹ 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው ከርሱ ጋራ በምድር በተቀመጡ ጊዜ ኀዘኑን ተካፈሉ፤ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን ቍስሉን አባሱበት።