ከሐይቅ ሥር የወጣ ዕውቀት ለባላገሩ እንዴት ይነገር?

ሐሮ ወንጪ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ብዙም የማይርቀው ደንዲም እንዲሁ። ተመራማሪዎች ከደንዲ ወለል የተከማቸ ደለል ቆፍረው አውጥተው የአካባቢው ዝናብ ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ገደማ እንዴት እንደተለዋወጠ መርምረዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ በሚታተም ዓለም አቀፍ መጽሔት ወጣ። እንዲህ ያለ ጥናት ከመጽሔቱ አልፎ ሐይቁ ዳር ለሚያርሰው ሰው የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?

ደንዲ ያለበት ምዕራብ ሸዋ ለዚህ የሚጠቅም ልምድ አለው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በጀልዱና በጋለሳ ከገበሬዎች ቡድን ጋር በድንች ላይ ሠርተዋል። ዘር ድንች ጨለማ ውስጥ ሲከማች ቡቃያው ነጥቶና ረዝሞ ይወጣል፤ ሲነካ ይሰበራል። ብርሃን በሚያስገባ፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማይመታው የእንጨት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን አጭር፣ አረንጓዴና ጠንካራ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ገበሬ ብዙ ማብራሪያ አይሻም፤ ማስረጃው እጁ ላይ ነው።

ደለሉ እንዲህ አይመችም። 12 ሺህ ዓመትን በማሳ ላይ ሞክሮ ማየት ስለማይቻል፣ አድማጩ ተመራማሪውን ለማመን ምክንያት ይፈልጋል። ስለዚህ ከውጤቱ ይልቅ የታወቀበት መንገድ መቅደም አለበት። መነሻውም ሩቅ አይደለም፦ ኃይለኛ ዝናብ ከተዳፋት ማሳ አፈር ጠርጎ እንደሚወስድ ገበሬው ያውቃል። ያ አፈር ሐይቁ ወለል ላይ በየዘመኑ ተደራርቦ ይቀራል፤ የንብርብሩ ቀለምና ይዘት መለዋወጡ የጎርፉን መጠን ይጠቁማል። ዕድሜው የሚለካው በውስጡ ከቀረ የዕፅዋት ቅሪት ካርቦን ነው፤ ልኬቱ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ወሰን ስላለው «ገደማ» ይባላል። ይህን መደበቅ ኋላ ያስጠረጥራል፤ አስቀድሞ መናገር ግን እምነት ያሳድራል።

ተናጋሪውም ሳይንቲስቱ ብቻ አይደለም። ሐይቁ ያለባት ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች። እንግዳ በፈረስ የሚያዞሩት የአካባቢው ልጆች «ሐይቁ እንዴት ተፈጠረ?» የሚለውን ጥያቄ ከማንም በላይ ይሰማሉ። በአፋን ኦሮሞ የሚሰጥ አጭር ሥልጠናና የንብርብሩ ፎቶግራፍ ከአንድ ትልቅ ዐውደ ጥናት ይልቅ ብዙ ሰው ዘንድ ይደርሳል። የማኅበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲዎች ተልዕኮ ስለሆነ፣ ቅርብ ያለው አምቦ ዩኒቨርሲቲ ድልድይ ሊሆን ይችላል። የሥራው መለኪያም የተሰብሳቢው ብዛት ሳይሆን፣ ፈረስ አከራዩ «ይህ እንዴት ታወቀ?» ሲባል በራሱ ቃል መመለስ መቻሉ ነው።