ኬዝ ሲቀየር የሚሞተው የፊት ዩኤስቢ

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ከኮምፒውተሩ አካል ሁሉ እንደ ፊት ዩኤስቢ የሚለፋ የለም። ማመልከቻ የሚያስጽፈው ባለጉዳይ፣ መመረቂያ ጽሑፉን የሚያሳትመው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሪፖርት ይዞ የመጣው የወረዳ ሠራተኛ፣ ሁሉም ፍላሹን የሚሰካው እዚያው ነው። የዩኤስቢ ስታንዳርድ ለተለመደው ጠፍጣፋ መሰኪያ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ዕድሜ 1,500 ጊዜ መሰካትና መንቀል ነው። በቀን 30 ፍላሽ ለሚያስተናግድ ቤት ይህ 50 የሥራ ቀን ብቻ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ከዚያ እጅግ አልፈው መቆየታቸው ሊያስመሰግናቸው ሲገባ፣ ሰው ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ራም እንጂ ስለ ፊት ዩኤስቢ ሲጠይቅ አይሰማም። የሚታወሰው እምቢ ሲል ነው፤ እምቢ የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኬዝ በተቀየረ ማግስት ነው።

ያኔ ሁለት ፍርዶች ይሰጣሉ፦ «ዊንዶውሱ ፎርማት ይደረግ» እና «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል»። አንደኛው ፋይል ያስጠፋል፣ ሁለተኛው ገንዘብ ያስወጣል፤ ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ናቸው። ማስረጃው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ነው። ያው ፍላሽ ከኋላ ተሰክቶ ከተነበበ ፍላሹም ደህና ነው፣ ዊንዶውሱም ፍላሽ ማንበብ ይችላል፣ ማዘርቦርዱም በሕይወት አለ። የፊትና የኋላ መሰኪያዎች በአብዛኛው የሚነሡት ከአንድ ቺፕሴት ነው፤ ልዩነታቸው የኋላው በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ፣ የፊቱ ግን በገመድ የሚደርስ መሆኑ ነው። ኬዝ ሲቀየር የተቀየረው ደግሞ ያ ገመድና ጫፉ ላይ ያለው ቀዳዳ ነው። በፈረሰኞቹ በታወቀው በአዊ ምድር፣ ኮርቻ ተቀይሮ ፈረሱ ቢያስቸግር ማሰሪያው ይፈተሻል እንጂ ፈረሱ ለገበያ አይወጣም።

የሚፈተሸው ቦታ ማዘርቦርዱ ላይ «ኤፍ ዩኤስቢ» ወይም «ጄ ዩኤስቢ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ዘጠኝ ቀጫጭን ፒኖች የቆሙበት ነው። በአንዱ ረድፍ አምስት፣ በሌላው አራት ናቸው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ መሰኪያ ይመግባል፤ ቅደም ተከተሉም ቀይ 5 ቮልት፣ ነጭ ዳታ ማይነስ፣ አረንጓዴ ዳታ ፕላስ፣ ጥቁር ግራውንድ ነው። አምስተኛዋ ፒን ምንም አትሸከምም፤ ከጎኗ ያለው ባዶ ቦታ ግን ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ገመዱ ተገልብጦ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። ወጥ መሰኪያ ያለው ኬዝ ከሆነ ሥራው እዚህ ያልቃል። ጣጣው ያለው ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ተነጣጥለው በሚመጡባቸው አሮጌና ርካሽ ኬዞች ላይ ነው፤ እዚያ ባዶው ቦታ ማንንም አይከለክልም፣ የቀለሙም ነገር ሁልጊዜ አይታመንም። ቀይና ጥቁር ከተለዋወጡ ፍላሹ ወዲያው ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። በነገራችን ላይ የቀድሞ ማዘርቦርዶች ፋየርዋየር ለሚባለው መስመር የሚያቆሙት መሰኪያ በቅርጹም በባዶ ቦታውም ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን ዩኤስቢ ግራውንድ በሚጠብቅበት ቦታ 12 ቮልት አለው። «ገባ» ማለት «ትክክል ነው» ማለት አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ከመሰካት በፊት ቦርዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በመብራቱ ነው። «ፍላሹ ይበራል፤ ስለዚህ ገመዱ ደህና ነው፣ ችግሩ ሶፍትዌር ነው» ይባላል። ፍላሽ ለመብራት የሚያስፈልገው ከአራቱ ሽቦ ሁለቱ፣ ቀዩና ጥቁሩ፣ ብቻ ናቸው። መብራቱ ስለ ኤሌክትሪኩ ይመሰክራል፤ መረጃ ስለሚያመላልሱት ስለ ነጩና ስለ አረንጓዴው የሚያውቀው ነገር የለም። ሁለቱ ቢለዋወጡ የሚሆነውን ማየት ደስ ይላል። ፍላሽ ሲሰካ ራሱን የሚያስተዋውቀው ዳታ ፕላሱን በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ላይ በመሳብ ነው፤ ትርጉሙ «እኔ ፈጣን ነኝ» ማለት ነው። እንደ አሮጌ ኪቦርድና ማውስ ያለ ዘገምተኛ ዕቃ ግን የሚስበው ዳታ ማይነሱን ነው። ስለዚህ ሽቦዎቹ ከተለዋወጡ ኮምፒውተሩ ፍላሹን በሴኮንድ 1.5 ሜጋቢት የሚሠራ ማውስ መስሎት በዚያ ፍጥነት ያናግረዋል፤ ፍላሹ ዝም ይላል፤ ዊንዶውስም ዕቃውን አላወቅሁትም የሚል መልእክት ያወጣል። መልእክቱ የወጣው ከዊንዶውስ ነውና ጥፋቱ የዊንዶውስ ይመስላል፣ ፎርማትም ይታዘዛል። አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ አረንጓዴው ሽቦ ወደ ቦታው አይመለስም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎ፣ የመልቲሜትሩ አንድ ጫፍ በፊቱ መሰኪያ ውስጥ ካሉት አራት ነሐስማ ስንጥሮች በአንዱ፣ ሌላው ጫፍ በገመዱ መጨረሻ ላይ ሲያርፍ ግን እውነቱ በድምፅ ይወጣል፤ አራቱም መስመሮች ከየራሳቸው ጋር ብቻ መጮህ አለባቸው።

«ማውስ ከፊት ይሠራል፣ ፍላሽና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግን አይሠሩም፤ ሽቦ ቢሳሳት ኖሮ ማውሱም ባልሠራ ነበር» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። እርግጥ ነው፣ እዚህ ላይ ሽቦዎቹ ቦታቸውን አልሳቱም። ጥያቄው የገመዱ ጥራት ነው። ማውስ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይጠጣል፣ በዝግታም ያወራል። ዩኤስቢ 2.0 ግን በሴኮንድ እስከ 480 ሜጋቢት ያስኬዳል፤ በዚያ ፍጥነት ነጩና አረንጓዴው እርስ በርስ ያልተጠማዘዙበት፣ ሽፋን የሌለው ቀጭን ገመድ መረጃውን ያበላሻል። ዲስኩ ደግሞ ስታንዳርዱ የሚፈቅደውን 500 ሚሊ አምፔር ሲስብ ቮልቴጁ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ይወርዳል። ኬዙ ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው።

ከዚህ የሚከፋው የተሰበረ ምላስ ነው። መሰኪያው ውስጥ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ የምትሰበረው ፍላሽ ተገልብጦ በኃይል ሲገፋ፣ ወይም ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ በጉልበት ሲመታ ነው። ይህን ደንበኛም ባለቤትም በየቀኑ ያደርገዋል፤ ማንም አይቆጣም፣ ሊቆጣ ግን ይገባ ነበር። ምላሷ ስትሰበር ስንጥሮቹ ከብረቱ ሽፋን ጋር ይነካካሉ፤ 5 ቮልቱ ከግራውንድ ጋር ከተገናኘ ማዘርቦርዱ ራሱን ለመከላከል መስመሩን ይዘጋል። አንዳንድ የአሱስ ቦርዶች እንዲያውም ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ አየሁ ብለው በ15 ሴኮንድ ውስጥ ኮምፒውተሩን ያጠፉታል። ኮምፒውተር «አልነሣም አለ» ተብሎ ቦርድ ከመግዛት በፊት የፊቱን ገመድ ነቅሎ ማስነሣት ነፃ ነው።

ሶፍትዌሩ በእውነት ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ የለም አይባልም። አሮጌው ኬዝ ጥቁር፣ አዲሱ ሰማያዊ መሰኪያ ካለው፣ ዊንዶውሱም 7 ከሆነ፣ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3.0 አብሮት ስላልመጣ ድራይቨር ያስፈልገዋል፤ ከ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን ይህ ችግር የለም። የሰማያዊው ገመድ ባለ 19 ፒን ሲሆን ፒኖቹ በቀላሉ ይታጠፋሉና በባትሪ ብርሃን መታየት አለባቸው። ከዴልና ከኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች የወጣ ቦርድ ወደ ተራ ኬዝ ሲዛወርም የፊት መሰኪያው ብዙ ጊዜ የፋብሪካው የራሱ ቅርጽ ስለሆነ አይገጥምም፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን አለመጣጣም ነው። እነዚህን ለመለየትም ቢሆን ፎርማት አይረዳም።

«ታዲያ ከኋላ መሰካት ነዋ» የሚል ይኖራል። ለአንድ ቀን ያስኬዳል። ጠረጴዛ ሥር ግድግዳ ተደግፎ የቆመን ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ደንበኛ መጎተት ግን የኋላውንም መሰኪያ መግደል ነው፤ ያ ከተሰበረ ደግሞ የሚቀየረው በገመድ ሳይሆን በብየዳ ነው። ስለዚህ ኬዝ ስትገዙ የፊት ዩኤስቢው ገመድ ወጥ መሰኪያ እንዳለው እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍታችሁ እዩ፣ ከተቻለም ፍላሽ ሰክታችሁ ፋይል ገልብጡበት። ባሕር ዳር ገዝቶ እንጅባራ ከደረሱ በኋላ «አያነብም» ብሎ ለመመለስ መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።