ዶሮዎችዎ የራሳቸውን እንቁላል ቢበሉ ምን ማድረግ ይችላሉ?
በካስትሮ ፕሬቶሪዮና በሌሎች የሮም አካባቢዎች ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ የጤና መረጃ

እንቁላል ሊሰበስቡ ሄደው የረጠበ ጭድና የቅርፊት ስብርባሪ ብቻ ካገኙ፣ ከዶሮዎችዎ አንዷ እንቁላል መብላት ጀምራ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ሳይሆን ልማድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአጋጣሚ ከተሰበረ አንድ እንቁላል ነው። ዶሮዋ ትቀምሰዋለች፣ ትወደዋለች፣ ቀጥሎም ራሷ ነቁራ መስበር ትለምዳለች። ሌሎቹም እያዩ ይከተሏታል። ልማዱ ከሰፋ ማስቆም ስለሚከብድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርምጃ ይውሰዱ።

ዋናው መልእክት፦ እንቁላል በመጣያ ሳጥኑ ውስጥ አይቆይ፣ አይሰበር።

ይህ ጤናዎን የሚመለከተው ለምንድን ነው?

ጤነኛ የሚመስሉ ዶሮዎችም ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ በኩሳቸው ሊያወጡ ይችላሉ። አንድ እንቁላል ሲሰበር ፈሳሹ ጉዝጓዙንና የቀሩትን እንቁላሎች ያበላሻል፣ ባክቴሪያው የሚራባበትን እርጥበት ይፈጥራል፣ አይጥም ይስባል። የተሰነጠቀ እንቁላል ውስጥ ባክቴሪያ በቀላሉ ይገባል። ስለዚህ ዶሮ የነቆረችውን ወይም ተሰንጥቆ ያገኙትን እንቁላል አይብሉ፤ ለልጆችም አይስጡ።

መጀመሪያ እርግጠኛ ይሁኑ

• ሙሉ እንቁላል ያለ ምንም ምልክት ከጠፋ አይጥ ወይም ሌላ እንስሳ ሊሆን ይችላል። ቁራዎችም እንቁላል ይሰርቃሉ።
• እርጥበት፣ ቢጫ እድፍና ትንንሽ ስብርባሪ ካለ ዶሮ መሆኗ ያመዝናል።
• ምንቃሯ ላይ ወይም የፊቷ ላባ ላይ የደረቀ አስኳል ያለባትን ዶሮ ይፈልጉ።
• ካገኟት ለብቻዋ ለጥቂት ቀናት ያቆዩአት። በሌሎቹ ዘንድ መሰበሩ ከቆመ ምክንያቱን አግኝተዋል።

ልማዱ ለምን ይጀምራል?

1. እንቁላሉ ሳይነሳ ይቆያል። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ፎቅ ቤት የበዛበት ሰፈር ነው። ዶሮ የሚያረባ ሰው ዶሮዎቹን ከከተማው ዳር ባለ የአትክልት ቦታ ወይም ዘመድ ግቢ ሊያስቀምጥ ይችላል። በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ብቻ የሚጎበኝ ከሆነ እንቁላሎቹ ይከማቻሉ፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ዶሮዎቹም ይረግጧቸዋል።

2. ቅርፊቱ ስስ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ዶሮዋ ለእያንዳንዱ እንቁላል 2 ግራም ያህል ካልሲየም ታወጣለች። ከመኖዋ ካላገኘችው ቅርፊቱ ይሳሳል። ያረጁ ዶሮዎችም ስስ ቅርፊት ይጥላሉ። በሮም የበጋ ሙቀት ዶሮዎች አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ለቅርፊቱ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ከደማቸው ስለሚቀንስ ቅርፊቱ ይበልጥ ይሳሳል።

3. መኖው አይመጣጠንም። ትራፊ እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ ሆድ ይሞላል እንጂ በቂ ፕሮቲንና ካልሲየም የለውም። ከምግብ ቤት የተረፈ ምግብ ለዶሮ መስጠት ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተከለከለ ነው።

4. ቦታው ይጠባል ወይም ውሃ ይጎድላል። የተጨናነቁ፣ የተጠሙ ወይም ሥራ የፈቱ ዶሮዎች ያገኙትን ሁሉ ይነቁራሉ።

ምን ማድረግ ይችላሉ?

• በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሰብስቡ። ዶሮዎች አብዛኛውን እንቁላል የሚጥሉት ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ነው። እርስዎ መድረስ ካልቻሉ አቅራቢያ ካለ ሰው ጋር ተራ ይግቡ።
• ለ4 ወይም ለ5 ዶሮዎች አንድ መጣያ ሳጥን ያዘጋጁ። ወርዱም ቁመቱም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከ5 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ደረቅና ንጹሕ ጭድ ይጎዝጉዙበት።
• ሳጥኑን ጨለም ያለ ጥግ ያስቀምጡት፤ መግቢያውን በጨርቅ ቢጋርዱት ይመረጣል። ዶሮ የማታየውን አትነቁርም።
• ለእንቁላል ጣይ ዶሮ የተዘጋጀ መኖ ይስጡ። ፕሮቲኑ 16 በመቶ ገደማ፣ ካልሲየሙም ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ሊሆን ይገባል።
• የተፈጨ የባሕር ዛጎል ወይም የኖራ ድንጋይ ከመኖ መሸጫ ገዝተው በተለየ ዕቃ ያስቀምጡላቸው። ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እንዲያገኙት ያድርጉ።
• ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ይኑር። በሙቀት ወቅት ጥላ ያዘጋጁ።
• የተሰበረ እንቁላል ካገኙ የረጠበውን ጭድ ወዲያውኑ አውጥተው ይለውጡ።
• ከእንጨት ወይም ከሸክላ የተሠራ አስመሳይ እንቁላል በሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡ። ዶሮዋ ነቁራ ነቁራ ምንም ስታጣ ልትተው ትችላለች።
• ይህ ሁሉ ካልበቃ ወለሉ ዘንበል ያለ ሳጥን ይጠቀሙ። እንቁላሉ እንደተጣለ ተንከባልሎ ዶሮዋ ወደማትደርስበት ክፍል ይገባል።

የማይረዱ ወይም የሚጎዱ ዘዴዎች

ባዶ ቅርፊት ውስጥ በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ ሞልቶ ማስቀመጥ ብዙ ሰው የሚመክረው ዘዴ ነው። ነገር ግን ሰውን የሚያቃጥለው የበርበሬ ንጥረ ነገር ወፎችን አያቃጥልም። ዶሮዋ ሚጥሚጣውን ከአስኳሉ ጋር ትበላዋለች። ምንቃር መቁረጥ ወይም ማቃጠልም ዶሮዋን ያሠቃያል፤ በቤት ውስጥ አይሞክሩት።

በሁዳዴ ወቅት ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ

በሮም የቀኑ ርዝመት በዲሴምበር 9 ሰዓት ገደማ፣ በጁን ደግሞ 15 ሰዓት ገደማ ነው። ብርሃን ሲጨምር ዶሮዎች ብዙ ይጥላሉ። በኢትዮጵያ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ ይህ ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነው። እዚህ ግን የእንቁላሉ ብዛት የሚጨምረው በሁዳዴ፣ ቤተሰቡ ለ55 ቀናት እንቁላል በማይበላበት ጊዜ ነው። «ማን ሊበላው» ተብሎ የተተወ እንቁላል ዶሮዎቹን ያስለምዳቸዋል።

ስለዚህ እየጾሙም ቢሆን በየቀኑ ይሰብስቡ። የተጣለበትን ቀን በእርሳስ ቅርፊቱ ላይ ይጻፉ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ። በአውሮፓ ኅብረት ለገበያ እንቁላል የሚሰጠው ጊዜ ከተጣለበት ቀን ጀምሮ 28 ቀን ነው፤ ለቤትዎም በዚሁ ይመሩ። በጾሙ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት የተጣለው ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ይደርሳል። ቀደም ብሎ የተጣለው በቤት ውስጥ ለማይጾሙ ልጆች ወይም ሕሙማን ይዋል፤ ለፋሲካ ብለው አያቆዩት።

እንቁላልን በጤና ለመመገብ

• ዶሮ፣ እንቁላል ወይም መጣያ ሳጥን ከነኩ በኋላ እጅዎን በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ። ልጆች ሲታጠቡ አብረዋቸው ይሁኑ።
• ለዶሮ ቤት ብቻ የሚያገለግል ጫማ ይኑርዎት፤ ወደ ቤት ይዘውት አይግቡ።
• ትንሽ የቆሸሸ እንቁላል በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ቆሻሻውን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። በጣም የቆሸሸውን ይጣሉ።
• ነጩም አስኳሉም እስኪረጋ ያብስሉ። ለዶሮ ወጥ ተቀቅሎ የሚገባው እንቁላል በዚህ በኩል ጥሩ ነው። ለጉልበት ወይም ለሳል ተብሎ የሚጠጣ ጥሬ እንቁላል፣ በቤት እንቁላል የሚሠራ ቲራሚሱም ለአደጋ ያጋልጣል።

ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ አረጋውያንና በሽታን የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች በሳልሞኔላ ይበልጥ ይጎዳሉ። ምልክቶቹ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያሉ። ተቅማጡ ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ከፍተኛ ከሆነ፣ ወይም ልጁ መጠጣት ካቃተውና ሽንቱ ከቀነሰ ሳይዘገዩ ሐኪም ያነጋግሩ። በቤትዎ ዶሮ እንዳለ ለሐኪሙ ይንገሩ። ለአስቸኳይ እርዳታ 112 ይደውሉ። የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም ብለው ከሕክምና አይቅሩ፤ በጣሊያን ሕግ አስቸኳይ ሕክምና ለሁሉም ሰው ይሰጣል።

ዶሮዎችዎን ያስመዝግቡ

በጣሊያን ለቤት ፍጆታ ብቻ የሚረቡ ጥቂት ዶሮዎችም በአካባቢው የጤና ድርጅት የእንስሳት ሕክምና አገልግሎት መመዝገብ አለባቸው። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ በአዝል ሮማ 1 ሥር ነው። ዶሮዎቹ ያሉት ሌላ አካባቢ ከሆነ ግን የሚመለከተው የዚያ አካባቢ አዝል ነው። ምዝገባው የወፍ ጉንፋን ሲከሰት ባለሙያዎች በፍጥነት እንዲያገኙዎት ይረዳል። ብዙ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ቢሞቱ፣ ወይም እንቁላል መጣል ድንገት ቢያቆሙ የሞቱትን በባዶ እጅ አይንኩ፣ አይብሉም፤ ወዲያውኑ ለዚሁ አገልግሎት ያሳውቁ።

ያስታውሱ፦ ቶሎ ይሰብስቡ፣ ካልሲየም አይጓደል፣ የተሰበረውን ወዲያው ያጽዱ፣ የተሰነጠቀውን አይብሉ።